ዛፉ ሲወፍር ቁመቱ ለምን አብሮ አይሄድም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በደቡብ ጎንደር የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያሉ 20 ዛፎችን ውፍረትና ቁመት ለካን። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ግራፉ ግን እየጎበጠ ሄደ። አለካካችን ተሳስቶ ነው? በኢንተርኔት ደግሞ ዛፍ ሁሉ በፊቦናቺ ቁጥርና በወርቃማው ምጣኔ ይሠራል የሚል አይተን ስንፈልግ አጣነው። ሌላው ጥያቄዬ፣ የግንዱን ዙሪያ ብቻ ለክቶ የዛፉን ክብደትና ዕድሜ ማወቅ ይቻላል? ትልቁን ጥድ አባቶች 700 ዓመት ሆኖታል ይሉናል። ሥራውን መቀጠል እንፈልጋለን፤ ምን ብንለካ ይሻላል?»

አልተሳሳታችሁም። መጉበጡ ነው ትክክሉ። ቀጥ ያለ መስመር ቢወጣላችሁ ኖሮ ያኔ ነበር አለካካችሁን የምጠይቀው። ዛፍ ሲያድግ ውፍረቱና ቁመቱ እኩል አይራመዱም፤ ውፍረቱ ይቀድማል። ለዚህም ጥርት ያለ ሒሳባዊ ምክንያት አለ።

ግንድ ሳይወፍር ዝም ብሎ ቢረዝም የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ በገዛ ክብደቱ መጉበጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ነፋስ ትበቃዋለች። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል ይህን ከፍታ እ.ኤ.አ. በ1881 አሰላው። መልሱ አጭር ነው። አንድ ግንድ ሳይጎብጥ ሊደርስበት የሚችለው ከፍታ ከዲያሜትሩ ጋር የሚያድገው በ2/3 ኤክስፖነንት (ቁጥር ወደ ላይ በሚነሣበት ኃይል) ነው። ለተማሪዎችዎ በቁጥር ያሳዩአቸው። አንዱ ዛፍ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር አላቸው እንበል። ሁለተኛው 8 እጥፍ ወፍራም ነው። 8 በ2/3 ኤክስፖነንት 4 ይሆናል። ስለዚህ ቀጭኑ 8 ሜትር ከሆነ፣ በዚህ ሕግ የሚሄደው ወፍራሙ 32 ሜትር ይሆናል እንጂ 64 ሜትር አይደርስም። ክብደቱስ? ግንዱ ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋቱ 64 እጥፍ ነው፣ ቁመቱ 4 እጥፍ ነው፣ ሲባዛ 256 እጥፍ ይመጣል። ኤክስፖነንት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የክፍል ምሳሌ አላውቅም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። ማክማሆን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 በአገሩ በግዝፈታቸው የተመዘገቡ በርካታ ዛፎችን ቁመትና ውፍረት ሰብስቦ ከግሪንሂል ጣሪያ ጋር አነጻጸረ። ጣሪያውን ያለፈ ዛፍ አላገኘም። ዛፎቹ በአማካይ የቆሙት ከጣሪያው ሩብ ያህል ላይ ነበር። በሌላ አነጋገር ዛፍ መጠባበቂያ ይዞ ነው የሚያድገው። ሊሸከም ከሚችለው በጣም ባነሰ ቁመት ይቆማል፤ ነፋስም፣ ዝናብ ያራሰው ቅጠልም ሲመጣ ይችለዋል።

ሁለተኛ ጣሪያም አለ፤ ውኃ ነው። ውኃ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወጣው በቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ተስቦ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር መሳቡ ይከብዳል፣ የላይኛው ቅጠልም እየተጠማ ይሄዳል። በካሊፎርኒያ በሚገኙት ሬድዉድ የተባሉ ረጃጅም ዛፎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት የዛፍ ቁመት ሊያልፈው የማይችለውን ድንበር ከ122 እስከ 130 ሜትር አድርጎ ገምቷል። ዛሬ በዓለም ረጅሙ የሚባለው ዛፍ እዚያው ካሊፎርኒያ ያለ ሲሆን 116 ሜትር ገደማ ነው። እናንተ ዘንድ እዚህ ድንበር የሚደርስ የለም። ግን ክረምቱ አጭር፣ በጋው ረጅም በሆነበት አገር የውኃው ጣሪያ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ትልልቆቹ ዛፎች ቁመታቸው ቆሞ ውፍረታቸው ብቻ ሲጨምር ብታዩ አይግረማችሁ። በግራፉ ቀኝ ጫፍ ላይ ነጥቦቹ የሚተኙት ለዚህ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ለመፈተሽ የሁለቱንም ልኬት ሎጋሪዝም ወስዳችሁ እንደገና ሣሉት። የጎበጠው ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል፣ ስሎፑም (የመስመሩ ዘንበል ማለት ልክ) ኤክስፖነንቱን ይሰጣችኋል። ለ2/3 የቀረበ ቁጥር ቢወጣ ደስ ይላል፤ ግን ቶሎ አትደምድሙ። 20 ዛፍ ትንሽ ነው። አንድ ሁለት ዛፍ ሲወጣ ወይም ሲገባ ስሎፑ ከ0.5 ወደ 0.8 ሊዘል ይችላል። ደግሞ ዓይነታቸው የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ጥድና ወይራ አንድ መስመር ላይ የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ለየዓይነቱ የተለያየ ቀለም ተጠቀሙ።

የቆሙበት ቦታም ይለያል። በእርሻ መካከል ብቻውን የቆመ ዋርካ ብርሃን የሚሻማው ስለሌለ ወደ ጎን ይሰፋል። ተጠጋግቶ የተተከለ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቀድሞ ብርሃን ለመያዝ ይመዘዛል። ዲያሜትራቸው እኩል ሆኖ ቁመታቸው እጥፍ ሊለያይ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እንዲህ ተጠጋግቶ በቀጭኑ የረዘመ ዛፍ የቆመው ጎረቤቶቹ ነፋሱን ስለሚጋሩለት ነው። ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ጨፍጭፈው እሱን ብቻ ቢተዉት በመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ ሊወድቅ ይችላል። ማሳሳት ካስፈለገ ቀስ በቀስ ነው።

ወደ ፊቦናቺ ልምጣ። ስትፈልጉት ያጣችሁት በሌለበት ቦታ ስለፈለጋችሁት ነው። የፊቦናቺ ቁጥሮች (1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያሉ እያንዳንዱ የቀደሙት ሁለቱ ድምር የሆነባቸው) በዕፅዋት ላይ እውነት ናቸው፤ ግን የሚገኙት ቅጠልና ፍሬ በሚደረደርበት መንገድ ላይ ነው። በብዙ ተክሎች አዲስ ቅጠል ከቀደመው በ137.5 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ይወጣል፤ ይህ ከወርቃማው ምጣኔ (1.618 ገደማ) የሚገኘው ወርቃማ ማዕዘን ነው። በጫፉ ላይ ለአዲሱ ቅጠል ሰፊ ቦታ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። በዚህ ማዕዘን የተደረደረ ነገር ሲቆጠር 5፣ 8፣ 13 የመሳሰሉ ጥምዝ መስመሮችን ያሳያል። ትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ፓቱላ የሚባለው ቅጠሉ መርፌ የሚመስል ዛፍ ካለ የወደቀ ፍሬውን አንሡና ከእግሩ በኩል ቁጠሩት። ወደ አንድ ወገን የሚዞሩት ብዙ ጊዜ 8፣ ወደ ሌላው የሚዞሩት 13 ናቸው።

ከግንዱ ውፍረት፣ ከቅርንጫፎቹ ቁጥር፣ ከዛፉ አጠቃላይ ቅርጽ ጋር ግን ይህ አይገናኝም። ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ከብት ይበላዋል። መጀመሪያ የነበረው የቅጠል ሥርዓት በዚህ መሃል ይጠፋል። በቅጠልም ቢሆን ሁሉም ተክል አይከተለውም። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቡቃያ ቆርጣችሁ ተመልከቱ። ሰማያዊ የሚመስሉ፣ እጀታ የሌላቸው ሰፋፊ ቅጠሎች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ቀጣዩ ጥንድ ከበታቹ ካለው በ90 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጣል። ወርቃማ ማዕዘን የለበትም። ያው ዛፍ ሲያድግ ቅጠሉ ማጭድ መስሎ ይረዝምና አንድ አንድ እያለ ይወጣል። አንድ ዛፍ በዕድሜው ሁለት ሥርዓት ይከተላል ማለት ነው። ስለዚህ «ዛፍ ሁሉ በወርቃማው ምጣኔ ይሠራል» የሚለውን ለተማሪዎችዎ እንደ እውነት አያስተምሩ።

በቅርንጫፍ ላይ ሥርዓት ካሻችሁ ሌላ የተሻለ አለ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ያስተዋለው ነው። ግንዱ ወደ ቅርንጫፎች ሲከፈል የቅርንጫፎቹ የቁርጥ ስፋት ተደምሮ ከግንዱ ጋር ይተካከላል ይላል። 50 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ግንድ ለሁለት ሲከፈል አንዱ 30፣ ሌላው 40 ሊሆን ይችላል። 900 ሲደመር 1,600 እኩል 2,500 ነው። ፓይታጎራስ ዛፉ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሁለት ማብራሪያ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ዛፍን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅጠል የሚያጠጡ የቧንቧዎች እስር አድርገው ገለጹት፤ ቧንቧው ቢበተንም ብዛቱ ያው ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤሎይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ነፋስን መነሻ አደረገ። በነፋስ ጊዜ ጫናው በየቦታው እኩል እንዲሆን ዛፉ የሚያስፈልገው ውፍረት ሲሰላ የሊዮናርዶ ሕግ ይመጣል። እኔ ወደ ነፋሱ አደላለሁ። ምክንያቱም በትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ ያለው የመሃሉ እንጨት አብዛኛው ውኃ ማመላለስ ያቆመ ነው፤ ውፍረቱን በቧንቧ ብዛት ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ሕጉ ፍጹም እንዳልሆነም ንገሯቸው። በእውነተኛ ዛፎች ላይ ሲለካ ዲያሜትሮቹ የሚነሡበት ኤክስፖነንት በትክክል 2 አይመጣም፤ ከ1.8 እስከ 2.3 ይዋዥቃል።

ክብደትን በተመለከተ መልሴ «ይቻላል፣ ግን በዙሪያ ብቻ አይሆንም» ነው። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ዲያሜትር፣ ቁመትና የእንጨቱ ጥግግት። ለሞቃታማ አገር ዛፎች በሰፊው የሚሠራበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ2014 ሻቭ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። 58 ቦታዎች ላይ ተቆርጠው የተመዘኑ 4,004 ዛፎችን መሠረት ያደረገ ነው። ጥግግቱን በዲያሜትሩ ካሬና በቁመቱ ያባዛሉ፤ ውጤቱን በ0.976 ኤክስፖነንት ከፍ ያደርጋሉ፤ በመጨረሻ በ0.0673 ያባዛሉ። ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር፣ ቁመት በሜትር፣ ጥግግት በግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይግባ። የሚወጣው ከመሬት በላይ ያለው የዛፉ ደረቅ ክብደት በኪሎ ግራም ነው።

እስቲ እንሥራው። የግንዱ ዙሪያ 157 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ 50 ይሆናል። ቁመቱ 20 ሜትር ይሁን። የእንጨቱ ጥግግት 0.5 ከሆነ ክብደቱ 1,320 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ጥግግቱ 0.8 ከሆነ ደግሞ 2,090 ኪሎ ገደማ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በክብደት ግን ከግማሽ በላይ ልዩነት አላቸው። ዋንዛ ቀላል፣ ወይራ ከባድ መሆኑን ማገዶ የፈለጠ ሁሉ ያውቀዋል። ቀመሩም ከዚህ እውቀት ውጭ አይሠራም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ዙሪያውን ለ3.14 ሳያካፍል እንደ ዲያሜትር ያስገባል። ስህተቱ ትንሽ አይደለም፤ ክብደቱን ከ9 እጥፍ በላይ ያገዝፈዋል። ተማሪዎቹ ሲመዘግቡ «ዙሪያ» እና «ዲያሜትር» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይኑሯቸው። ቀመሩ በአማካይ የሚሠራ መሆኑንም አትርሱ። የአንድን ዛፍ ክብደት በብዙ ሊስት ይችላል፤ የመቶ ዛፍ ድምር ላይ ግን ማነሱና መብለጡ ይቻቻላል። ደግሞ ከተመዘኑት ዛፎች አብዛኞቹ ሰፊ ቅጠል ያላቸው ናቸው። ለጥድና ለዝግባ ስትጠቀሙበት ውጤቱን እንደ ግምት ብቻ ያዙት። አንድ ሰው መጥቶ በእናንተ ልኬት ብቻ «የደናችሁን ካርቦን እንሽጥ» ቢል አትስሙት። ያ ሌላ ደረጃ ያለው ሥራ ነው።

ዕድሜን ግን ከዙሪያ ማወቅ አይቻልም። እዚህ ላይ ጠንከር ማለት አለብኝ። በጥላ ሥር የቆየ ዛፍ ለብዙ ዓመት ክንድ አክሎ ሊቀር ይችላል። ብርሃን ያገኘው ታናሹ በውፍረት ይበልጠዋል። የዓመት ቀለበት መቁጠርም በእኛ አገር ቀላል አይደለም። በአውሮፓ የብርዱ ወቅት የዛፉን እድገት ስለሚያቆመው በዓመት አንድ ቀለበት ይወጣል። እኛ ዘንድ እድገቱን የሚያቆመው ድርቅ ነው። በልግ ዘንቦ፣ ተቋርጦ፣ ክረምት ሲገባ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል፤ በክፉ ዓመት ደግሞ በከፊሉ ብቻ ያወጣል። ጥድ ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው። ትልልቆቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሃላቸው ባዶ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስብሰው ሄደዋል። ስለዚህ አባቶች የነገሯችሁን 700 ዓመት በልኬት ማረጋገጥም ማፍረስም አትችሉም። ቤተ ክርስቲያኑ የተተከለበት ዘመን በጽሑፍ ካለ ከቀለበቱ የተሻለ ፍንጭ እሱ ነው። ዕድሜ እናውቃለን ብላችሁ ግንዱን እንዳትበሱት፤ ቀዳዳው ለበሽታ በር ይከፍታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን የጠየቁኝ ስለ አንድ አንድ ዛፍ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሒሳብ ያለው ግን በደኑ ዛፎች ጠቅላላ ስብስብ ላይ ነው፤ በየውፍረቱ ስንት ዛፍ አለ የሚለው። ፈረንሳዊው የደን ባለሙያ ደ ሊዮኩር እ.ኤ.አ. በ1898 አንድ ነገር አስተዋለ። ሁሉም ዕድሜ በሚገኝበት ደን ውስጥ ዛፎቹን በውፍረት ብትመድቧቸው ቁጥራቸው ከምድብ ወደ ምድብ በተመሳሳይ ምጣኔ ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ባለው ምድብ 160 ዛፍ ካለ፣ በቀጣዩ 80፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 10። እርስዎ እንደሚያውቁት ይህ ጂኦሜትሪክ ሲኩዌንስ ነው። በግራፍ ሲሣል በግራ በኩል ከፍ ብሎ ይጀምርና በፍጥነት ይወርዳል፣ ወደ ቀኝ እየሳሳ ይሄዳል።

ይህ ቅርጽ የሚለው ግልጽ ነው። ከብዙ ችግኝ ጥቂት ይደርሳል፤ ትልቁ ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ከሥሩ ቆሟል። ጤናማ ደን እንዲህ ነው። በብዙ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ውስጥ የሚያሳስበኝ የተገላቢጦሹ ነው። ግዙፎቹ ቆመዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ደኑ ሙሉ ነው፣ ደጀ ሰላሙ ጥላ ነው። ጎንበስ ብለው መሬቱን ሲያዩ ግን በከብት እግር የተረገጠ አፈር እንጂ ችግኝ የለም። በግራፍ ሲሣል ግራው ጎድጓዳ፣ መሃሉ ወይም ቀኙ ጉብታ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደን ዛሬ ውብ ሆኖ እየሞተ ሊሆን ይችላል፣ ማንም ግን አያይም። ሞቱ በዛፎቹ ዕድሜ ልክ የሚዘገይ ስለሆነ በሰው ዓይን አይታይም። የሚያሳየው ይህ ግራፍ ነው። ተማሪዎችዎ ይህን ቢሠሩ ለአጥቢያው ትልቅ ውለታ ይውላሉ።

እናንተ ያላችሁበት አካባቢ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት ከብት እንዳይገባ በተከለለ ቦታ ችግኝ በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅልና እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነውም በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ረድተዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ነው፤ ማሳውም ይጠራል፣ ደኑም ይታጠራል።

ግራፉን ስታነቡ ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለየዓይነቱ ለየብቻ ሣሉት። ሁሉንም ስትደምሩት ቁጥቋጦ መሰሎቹ ትንንሽ ዛፎች ግራውን ይሞሉትና ጥድ ወጣት እንደሌለው ይሸፍኑባችኋል። ሁለተኛ፣ ወጣት የሌለው ዓይነት ሁሉ በከብት ምክንያት ነው አትበሉ። ዋንዛና ብሳና ብርሃን የሚወዱ ናቸው፤ ጥድም ድቅድቅ ጥላ ሥር በቀላሉ አይበቅልም። የእነሱ ችግኝ ደኑ ሲከፈት ወይም በዳር በኩል ነው የሚታየው። መሃል ላይ ስላጣችሁት ብቻ አትደንግጡ፤ ዳሩንም እዩ። ሦስተኛ፣ መሃሉ ላይ ያለው ምድብ ብቻ ከጎደለ ቋሚና ማገር እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ጉቶ ቁጠሩ።

እግረ መንገዴን ስለ ባሕር ዛፍም ልበል፤ ብዙ ተማሪ በቤቱ አለው። በአንድ ጊዜ የተተከለ ዛፍ ይህን ቅርጽ አይሠራም። ሁሉም እኩያ ስለሆኑ መሃሉ ላይ ጉብታ ይሠራሉ፤ ያ ጤና ማጣት አይደለም። እነሱ የሚከተሉት ሌላ ሕግ ነው። አሜሪካዊው ራይኔኬ እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳየው መሬቱ በዛፍ ሲሞላ ሊቆም የሚችለው ቁጥር ከአማካይ ዲያሜትሩ ጋር በ1.605 ኤክስፖነንት ይቀንሳል። ባጭሩ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መሬቱ የሚችለው ቁጥር ወደ ሲሶ ይወርዳል። ማገር የሚፈልግ ገበሬ አጠጋግቶ ቢተክል አላጠፋም። ወፍራም አጣና ከዚያው መሬት ሳያሳሳ ከጠበቀ ግን ወይ ዛፉ ራሱ እርስ በርሱ ተሻምቶ ይሞትለታል፣ ወይ ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

በእነዚህ ሁሉ ሕጎች ላይ አንድ ጃንጥላ ሕግ ለማምጣት የሞከሩ አሉ። ዌስት፣ ብራውንና ኤንኲስት የተባሉ ሦስት አሜሪካ ያሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከቧንቧዎቹ መረብ ተነሥተው የዛፉን ክብደትም፣ የደኑን የውፍረት ስርጭትም በአንድ ቲዎሪ ለመተንበይ ሞከሩ። የክብደቱ ኤክስፖነንት 8/3 ነው አሉ። ቅድም ያገኘነው 256 እጥፍ 8 በ8/3 ኤክስፖነንት መሆኑን ተማሪዎችዎ ያረጋግጡ። ለስርጭቱ ደግሞ ቁጥሩ ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር በተቃራኒ ይቀንሳል አሉ። ይህ ሁለተኛው በትልልቅ የሞቃታማ አገር ደኖች ላይ ሲፈተሽ በየደኑ የተለያየ ሆኖ ተገኘ፤ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ኤክስፖነንት አልወጣም። ብርሃን በሽሚያ እንጂ በእኩል አይከፋፈልም፣ ሞትም በየቦታው ይለያያል። ስለዚህ ከ2 የራቀ ቁጥር ብታገኙ ደናችሁ ታሟል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የቁመቱን ግራፍ ለክፍል ትምህርት ያዙት፤ የመስክ ጉልበታችሁን ግን በውፍረት ቆጠራ ላይ አውሉት። ክብደትንም ዕድሜንም ለጊዜው ተዉ። በመጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። ከዚያ ከደኑ ዳር ተነሥታችሁ እስከ መሃል ድረስ 20 በ20 ሜትር የሆኑ ቦታዎችን በገመድ ከልሉ። በውስጣቸው ያለውን ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ ለኩ፤ ያማረውን እየመረጣችሁ እንዳይሆን። የእናንተ 20 ዛፎች እንዴት እንደተመረጡ አልነገሩኝም። ሰው ግን ሲተወው ወደ ትልቁና ወደ ቀጥተኛው ነው የሚሄደው፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ግራፉን ያጣምማል። በየቦታው ጥግ ላይ 2 በ2 ሜትር ከልላችሁ ችግኝ ቁጠሩ። ከመቶ በታች ዛፍ ይዛችሁ ስለ ቅርጹ አትናገሩ።

አለካኩ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ልክ የተቆረጠ ዘንግ ይዛችሁ ከግንዱ ጋር አስጠጉት፤ በዓይን አይገመትም። ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው ወገን ቆማችሁ ለኩ። ሐረግ ካለ ሜትሩን ከሥሩ አሳልፉ። ከ1.3 ሜትር በታች ለሁለት የተከፈለ ግንድ እንደ ሁለት ዛፍ ይመዘገባል። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል፤ ለትልልቆቹ የማይለጠጥ ሲባጎ አዙራችሁ እሱን ዘርግታችሁ ለኩ። እንደ ሾላ ያለ ግንዱ የተጎራረበ ዛፍ ሲገጥማችሁ ክብ እስኪሆን ድረስ ከፍ ብላችሁ ለኩና ከፍታውን ጻፉ። ቁመት ስትለኩ ፕሮትራክተር፣ ክርና ጠጠር ይበቃል። ጫፉ በ45 ዲግሪ እስኪታያችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ እስከ ግንዱ ያለው ርቀት ላይ የዓይናችሁን ከፍታ ደምሩ። ይህ የሚሠራው መሬቱ ሜዳ ከሆነ ብቻ ነው። ሰፊ አናት ባለው ዛፍ ላይ ደግሞ የምታዩት ጫፉን ሳይሆን ወደ እናንተ የቀረበውን ዳር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዛፉ ከእውነቱ በላይ ይረዝምባችኋል።

ቆጠራው ሲያልቅ በየምድቡ የወጣውን ለየዓይነቱ ሣሉና ለሰበካ ጉባኤው አሳዩት። ግራው ባዶ ከሆነና መሬቱ የተረገጠ ከሆነ ሌላ ጥናት አትጠብቁ፤ ከብት መግባቱን ማስቆም ነው የሚቀድመው። ሁሉንም ማጠር ካልተቻለ ከለካችኋቸው ቦታዎች ግማሹን እሾህ አጥራችሁ ግማሹን እንዳለ ተዉት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ በሁለቱም ችግኝ ቁጠሩ። የትልልቆቹን ዙሪያ ግን በየዓመቱ አትለኩ፤ ዕድገታቸው ከሜትሩ ስህተት ያነሰ ሊሆን ይችላል። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ የለካችሁበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ቀጭን መስመር አድርጉበት፤ ምስማር ግን አትምቱ።